መስኖ ወይስ ዓሣ? መጀመሪያ ሎሚ ይዘሽ ካናል ዳር ውረጂ

ጥያቄ፦ "በውሃ ሀብትና መስኖ ምህንድስና ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ 1 ዓመት አለፈኝ። ቤተሰቦቼ መራዊ አካባቢ ናቸው። አባቴ በቆጋ መስኖ ሩብ ሄክታር ሽንኩርት ያለማል፤ በሳምንት አንዴ ተራው ሲደርስ 4 ሰዓት ሙሉ ይለቅበታል። በቅርቡ የዓሣ እርባታ ሥልጠና ወስጄ ልቤ ወደዚያ ሸፍቷል። ጓደኛዬ 'ዓሣ ውሃ አይጨርስም፣ ኩሬ ቆፍሪና ጀምሪ' ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ ማስተርስ ቀጥዪ ይላል። የቱን ልያዝ?"

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዓሣው ነበር የታየኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ "4 ሰዓት ሙሉ ይለቅበታል" የምትለዋ ላይ ቀረ። የምትፈልጊው ሥራ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

እስቲ እንቁጠረው። ሽንኩርት በበጋ፣ ጥሩ ሲያድግ፣ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል እንበል። በ1 ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት 10 ሺህ ሊትር ነው። ስለዚህ የአባትሽ ሩብ ሄክታር ለ7 ቀን 87,500 ሊትር ያስፈልገዋል። በትልም የሚለቀቅ ውሃ ደግሞ ሁሉም ሥር ጋ አይደርስም። 60 በመቶው ከደረሰ ጥሩ ነው። ስለዚህ ወደ 146 ሺህ ሊትር መልቀቅ አለባቸው።

ካናሉስ ስንት ያመጣል? ሎሚ የሚወረወረው ለጥምቀት ብቻ አይደለም። ካናሉ ቀጥ ያለበትን 10 ሜትር ለኪ፣ ሎሚውን ጣይ፣ በስልክሽ ሰዓት ያዢ። 25 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰከንድ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። የውሃው ስፋት 30፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሦስቱን አባዢ፤ በሰከንድ 24 ሊትር ይሆናል። ላይ ላዩ ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.85 አባዝተሽ ቀንሺው። በሰከንድ 20 ሊትር ገደማ ይመጣል፤ በሰዓት 72 ሺህ። 2 ሰዓት በቂ ነበር ማለት ነው! ቁጥሩ የእኔ ምሳሌ ነው፤ የእናንተ ካናል ሌላ ሊነግርሽ ይችላል። ስሌቱ ግን ይኸው ነው።

የቀረው 2 ሰዓት የት ይሄዳል? የሽንኩርት ሥር አጭር ነው። ውሃው ዩሪያውን አጥቦ ከሥሩ በታች ይወርዳል። መካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ አካባቢ፣ ለዓመታት ከልክ በላይ በመጠጣቱ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ብሎ ጨው አምጥቷል። የተተወ የጥጥ መሬት አለ።

አባትሽ ግን ይህን ስላላወቁ አይደለም የሚለቁት። የሚቀጥለው ሳምንት ተራ በሰዓቱ እንደሚመጣ አያምኑም። እኔም አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በመጣ ቀን ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ድስት ሳይቀር እሞላለሁ። ተራው አስተማማኝ ሲሆን ነው ሰው እጁን የሚሰበስበው። ስለዚህ ካናልና የጠብታ መስኖ መሳል የሚችል መሐንዲስ ሞልቷል፤ ከየውሃ አባቱ፣ ማለትም ተራ ከሚያከፋፍለው ሰው፣ ጋር ቁጭ ብሎ በቁጥር ተራ የሚያወጣ፣ ገበሬውም የሚያምነው ሰው ግን ጥቂት ነው። የቆጋ ግድብ ወደ 7 ሺህ ሄክታር ለማጠጣት የተሠራ ነው። እዚያ ተወልዶ የተማረ ልጅ ሌላ ቦታ ልምድ ፍለጋ መዞሩ ይገርመኛል።

በዚህ በጋ 10 ማሳ ያዢ። በየተራው ሰዓቱንና ፍሰቱን መዝግቢ። ውሃው ሥር ሲደርስ ጠቋሚው ብቅ የሚል፣ መሬት የሚቀበር መሣሪያ አለ፤ ቆጋ ላይም ተሞክሯል። ካላገኘሽ አካፋ ይበቃል፦ በማግስቱ ቆፍረሽ እርጥበቱ እስከ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ እዪ። ሰብል ስንት ውሃ እንደሚፈልግ የሚያሰላውን የፋኦን (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ነፃ ሶፍትዌር፣ ክሮፕዋትን፣ በራስሽ ቁጥር ሞክሪው። ከዚያ ሲቪሽ ላይ "ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል" የሚለውን አጥፊና "በ10 ማሳ የውሃ አጠቃቀም ለክቻለሁ" ብለሽ ውጤቱን ጻፊ። ባቱና ቢሾፍቱ ያሉ የአበባ እርሻዎች በጠብታ መስኖ ነው የሚሠሩት። ለመስኖ ሱፐርቫይዘርነት ስትቀርቢ የምትጠየቂው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዓሣው። ጓደኛሽ ግማሽ እውነት ነው የነገረችሽ። ዓሣው ውሃ አይጨርስም፤ ፀሐይና አፈር ይጨርሱታል። 10 በ20 ሜትር ኩሬ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ከተነነበት 1,000 ሊትር ሄደ፤ 50 ጀሪካን። ወደ መሬት የሚሰርገው (ስርገቱ) ከዚህም ሊብስ ይችላል። እኔ ራሴ ከጓደኞቼ ጋር ኩሬ አስቆፍሬ ዓርብ ሞልተን ሰኞ ስንመለስ ግማሽ ሆኖ ጠበቀን። አፈሩን ማን አየው! እርጥብ አፈር ጠቅልሎ ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ ብቻ ይበቃን ነበር። እጅ ላይ ከተበተነ ሸክላ የለውም፤ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ) ካላነጠፍሽ ውሃ አይዝም። ኩሬ ያለው ሰው ካገኘሽ ደግሞ ውሃ የሞላ ባልዲ ኩሬው ውስጥ አቁሚ፤ በ24 ሰዓት ባልዲውም ኩሬውም ስንት እንደወረዱ ለኪ። ኩሬው ከባልዲው በልጦ የወረደው ስርገት ነው።

ሌላው ብርዱ ነው። በኩሬ የሚረባው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ደህና የሚያድገው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። መራዊ ደጋማ ናት፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ዓሣውም ይዘገያል። በዓሣ ብቻ ደመወዝሽን ታወጪያለሽ ብዬ አልዋሽሽም። ገበያው በጾም ይሞቃል (ይበላል አይበላም የሚለውን ለመምህራኑ እንተወውና)፤ ግን ለ1 ወቅት ገበያ ዓመቱን ሙሉ መመገብ ይከብዳል።

ኩሬው ከማሳው በላይ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ውሃው መጀመሪያ ዓሣ ያሳድጋል፣ ከዚያ የዓሣውን ኩስ ይዞ ወደ ጎመንና ቲማቲም ይወርዳል። ግብፅ ውስጥ በረሃ ላይ የጉድጓድ ውሃ የሚያወጡ እርሻዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ እያንዳንዱን ሊትር ሁለቴ ይሠሩበታል። አንቺም ዓሣን ከመስኖው ላይ የሚደረብ ሥራ አድርገሽ ያዢው። በትንሽ ኩሬ ጀምሪ። የዓሣ ጫጩት ከመግዛትሽ በፊት ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቂ። ወንዶቹን ብቻ ካላሳደግሽ ቆሮሶ ቶሎ ይራባና ኩሬው በሚጢጢ ዓሣ ይሞላል።

ማስተርሱ ይቆይ። አርባ ምንጭም ባሕር ዳርም የትም አይሄዱም። የራስሽን መረጃ ይዘሽ ስትሄጂ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ አብሮሽ ይመጣል።

ሎሚውን ሦስቴ ጣዪና አማካዩን ያዢ፤ ነፋስ ካለ ለሌላ ቀን አቆዪው። ውጤቱን ለአባትሽ ስትነግሪያቸው "ታባክናለህ" እንዳይወጣሽ። መጀመሪያ የሚቀጥለው ተራ መቼ እንደሚደርሳቸው ጠይቂያቸው።