«ዋስትናው አልፏል» ሲሏችሁ ስልኩን አትዝጉ

የፋሲካ ዋዜማ ማታ ነው፤ ዶሮው ገና እየተገነጠለ። ስልኬ ጮኸ። አንዲት የማውቃት የአገራችን ልጅ ናት፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። «ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑ ይናገራል፣ ምስል ግን የለም። ነገ እንግዳ አለብኝ» አለችኝ።

መቼ እንደገዛችው ጠየቅኋት። ካቻምና በታንክስጊቪንግ ማግስት፣ ያ ሁሉ ሰው በሚጋፋበት ቅናሽ። 55 ኢንች ነው። ዋስትናው አንድ ዓመት ነበር፤ ካበቃ አምስት ወር ሆኖታል። «መንገድ ዳር አውጥቼ ሌላ ልግዛ?» አለች።

«ቆይ፣ መብራቱን አጥፊና ክፍሉን አጨልሚው» አልኳት። «አሁን የስልክሽን ባትሪ አብሪና ስክሪኑ ላይ አስጠግተሽ እዪ።» ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ጋሼ! ሰዎች ይታያሉ፣ ደብዝዘው!» አለች። እንግዲያው ስክሪኑ ደህና ነው። የሞተው ከኋላው ሆኖ የሚያበራው መብራት፣ ባክላይት የምንለው ነው። በአሥራ ሰባት ወር መሞት የሌለበት ዕቃ።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ቴሌቪዥን ጥገና ቤት ለአሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ብሆንም ሰው መደወሉን አልተወም፤ እኔም መመለሱን አልተውኩም። በእነዚህ ዓመታት የታዘብኩት ነገር አለ። መርካቶ ውስጥ ነጋዴ የጠራውን የመጀመሪያ ዋጋ ከፍሎ የሚወጣ ማን አለ? ትስቃላችሁ፣ ትሄዳላችሁ፣ ይጠራችኋል፣ ትመለሳላችሁ። ያ በመርካቶ ያደገ ልጅ እዚህ መጥቶ ለአምራቹ ይደውላል። «ዋስትናው አልፏል» ሲሉት «ኦኬ፣ ታንክ ዩ» ብሎ ይዘጋል። ግማሹ ይሉኝታ ነው፣ ግማሹ ቋንቋ። «ዋስትናው አልፏል» ግን የመጀመሪያው ዋጋ ነው። ድርድሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ድርድሩ ጉልበት የሚኖረው ጉድለቱ የታወቀ ሲሆን ነው። ልጅ ኳስ መትቶ የሰነጠቀው ስክሪን የእናንተ ዕዳ ነው፤ በዚያ አትድከሙ። አንድ ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ደካማ ዕቃ ገብቶበት ከሆነና በብዙ ቤት በአንድ ዓይነት መንገድ ከሞተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አምራቹም ያውቀዋል፣ የመለዋወጫ ትዕዛዙ ይነግረዋላ።

ታሪክም አለው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነበሩት ዓመታት ካፓሲተር የሚባለው ትንሽ ቆርቆሮ መሳይ ዕቃ የኮምፒውተሩንም የቴሌቪዥኑንም ዓለም አስለቅሷል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲበላሽ ጫፉ እንደ ተጋገረ ዳቦ ያብጣል፤ ለቴሌቪዥኑ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ቦርድም ማስነሳት ያቅተዋል። ዋጋው በሳንቲም የሚቆጠር ዕቃ የሺህ ዶላር ቴሌቪዥን ይገድላል ማለት ነው። አንዳንድ የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች በዚህ ምክንያት ለመብራት ቀጭ ቀጭ ይሉ ነበር፤ መጀመሪያ አንድ ደቂቃ፣ ቀጥሎ አምስት፣ በመጨረሻ ጭራሽ እምቢ። ኩባንያው መጀመሪያ ለደወለለት ሰው ዋስትናውን አራዝሞ በነፃ ይጠግን ነበር። ከዚያ ኦክላሆማ ውስጥ በተጀመረ የጋራ ክስ በ2012 ስምምነት ተደረሰ፤ እስከ 2008 መጨረሻ የተሸጡ ሰባት ሚሊዮን ገደማ ቴሌቪዥኖችን የሚመለከት ነበር። ከኪሳቸው ከፍለው ያስጠገኑ ሰዎች ደረሰኝ ካላቸው ገንዘባቸውን አገኙ። ልብ በሉ፦ ደረሰኝ ካላቸው። ሶኒም በ2011 እስከ 1.6 ሚሊዮን የሚደርሱ 40 ኢንች ብራቪያ ቴሌቪዥኖችን በነፃ መርምሮ እንደሚጠግን አስታውቆ ነበር፤ ውስጣቸው ያለ አንድ ዕቃ ከመጠን በላይ እየጋለ ነበርና። ከእነዚህ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ የወረቀት ዋስትናቸው ያበቃ ነበር።

የእናንተ ጉድለት የታወቀ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተለጠፈውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ጻፉ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ስም ሳይሆን የፊደልና የቁጥር ድብልቁን፣ መጨረሻ ያሉትን ሁለት ሦስት ፊደላትም ጭምር፤ ፓነሉ፣ ማለትም ስክሪኑ፣ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አንዳንዴ የሚለየው እሷ ናት። ከዚያ ምልክቱን በግልጽ ቃል ጨምራችሁ ፈልጉ፦ «ድምፅ አለ፣ ምስል የለም»፣ «ስድስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል»። ተመሳሳይ ቅሬታ በተለያየ ከተማ፣ በተለያየ ወር ካገኛችሁ ቀኑንና ጽሑፉን ፎቶ አንሱ። ማጨስ፣ መጋል፣ የተቃጠለ ሽታ ካለ ደግሞ ወዲያው ሶኬቱን ነቅላችሁ ለአሜሪካ የሸማች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን አመልክቱ፤ ነፃ ነው፣ ኮሚሽኑም ቅሬታችሁን ለአምራቹ ያሳውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምር፦ ሠፈራችሁ ያለ የድሮ ጥገና ቤት ገብታችሁ ሞዴሉን ብትጠሩለት ባለሙያው ወዲያው ይነግራችኋል። እኛ ሱቅ አንድ ሞዴል ገና በር ላይ ሲታይ «መጣ ደግሞ» እንል ነበር።

ለአምራቹ ከመደወላችሁ በፊት ሌላ ዋስትና እንዳላችሁ እዩ። በክሬዲት ካርድ ከገዛችሁ አንዳንዱ ካርድ በአምራቹ ዋስትና ላይ አንድ ዓመት ይጨምራል። ከኮስትኮ የገዛችሁ እንደሆነ የቴሌቪዥን ዋስትና ሁለት ዓመት ነው። ያቺ ልጅ የከፈለችው በዴቢት ካርድ ስለነበር ይህ በር ተዘጋባት።

አሁን ደውሉ። መጀመሪያ የሚያነሳው ልጅ ፊቱ ያለውን ጽሑፍ ነው የሚያነብላችሁ፤ እሱ ላይ መጮኽ ዋጋ የለውም። እኔ ራሴ አንዴ ጮኼ አውቃለሁ፤ መስመሩ ተቋረጠ፣ አርባ ደቂቃ የጠበቅሁት ገደል ገባ። ረጋ ብላችሁ ሞዴሉን፣ የተገዛበትን ቀን፣ ምልክቱን ንገሩት። ከዚያ «ይህ የታወቀ ጉድለት ነው፣ ከዋስትና ውጭ በልዩ ሁኔታ እንዲጠገንልኝ እጠይቃለሁ» በሉት። በእንግሊዝኛው «ዋራንቲ ኤክሰፕሽን» የምትለዋን ቃል ጥሯት፤ ውሳኔው የሱ ስላልሆነ ወደ በላይ ክፍል የምታሻግራችሁ እሷ ናት። ኬዝ ቁጥር ሳትይዙ አትዝጉ። ስሙን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ጻፉ። ነገ ስትደውሉ ሌላ ሰው ነው የሚያነሳው፤ እንደ አዲስ እንዳትጀምሩ የሚያድናችሁ ያ ቁጥር ነው።

ልጅቷ ሁለት ጊዜ ደውላ ሁለት ጊዜ «አይሆንም» ተባለች። ሁለተኛው እንደውም አዲስ ቴሌቪዥን በአሥር በመቶ ቅናሽ እንድትገዛ ሐሳብ አቀረበላት። ይህ ወጥመድ ነው ብል አልዋሽም። ቅናሹን ከተቀበላችሁ ጉዳዩ እንደተዘጋ ይቆጠራል፤ ያው ቅናሽ ደግሞ በሱቁ ለማንም አለ።

ስለዚህ ወደ ጽሑፍ ሄድን። ጽሑፉን ከመጻፋችን በፊት ግን ከቴሌቪዥኑ ጋር የመጣችውን ማንም የማያነባትን ቀጭን የዋስትና ወረቀት አውጪ አልኳት። አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጥ ዕቃ ጋር በምትመጣ የዋስትና ወረቀት ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፦ አንዳንድ ግዛቶች ባይጻፍም በሕግ ያለውን ዋስትና በጊዜ መገደብ ስለማይፈቅዱ ከላይ ያለው ገደብ እርስዎን ላይመለከት ይችላል ትላለች። አምራቹ ደግ ሆኖ አይደለም የጻፋት። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ ያስገድደዋል፤ የደንቡ እናት በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግ ነው። ወረቀቱ አንድ ዓመት ቢልም፣ የተሸጠ ዕቃ ለተሸጠበት ነገር መዋል አለበት የሚል በወረቀት ያልተጻፈ ዋስትና በግዛት ሕግ አለ ማለት ነው።

ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሁለቱም ቦታ ሻጭ ይህን ዋስትና ለሸማች በሚሸጥ ዕቃ ላይ ልሰርዘው ቢል ሕጉ አይቀበለውም። በሜሪላንድ ሕግ ደግሞ አምራቹም እንደ ሻጭ ይቆጠራል። ለክስ ያላችሁ ጊዜ ዕቃውን ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ያላችሁ ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ የላችሁም፤ ሻጭ በጽሑፍ ሊያስቀረው ይችላል። አሌክሳንድርያ ያሉ ወዳጆቼ በዚህ ይናደዱብኛል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ሌላ መሣሪያ አላችሁ፦ በጅምላ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚያወጣ ኤሌክትሮኒክስ አምራቹ ዕቃው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ለሰባት ዓመት መለዋወጫ እንዲያቀርብ ሕግ ያስገድደዋል። «መለዋወጫው የለም» ካሏችሁ ይህን አስታውሷቸው።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይብቃው። መቼና የት ተገዛ፣ ስንት ተከፈለ፣ መቼ ምን ሆነ፣ ኬዝ ቁጥሩ፣ ተመሳሳይ ቅሬታ ያሰባሰባችሁበት፣ የምትጠይቁት ነገር፣ መልስ የምትጠብቁበት ቀን። ስድብ የለ፣ የልጆች አስተዳደግ የለ፣ «ስደተኛ ስለሆንኩ ነው» የለ። እውነት ቢሆን እንኳ እዚህ ጋ ጉዳዩን ያደበዝዘዋል። ፊርማ ተቀብሎ በሚያስረክብ ፖስታ ላኩትና ወረቀቱን አስቀሩ። ቅጂውን ለግዛታችሁ አቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል ላኩ። ክፍሉ ጠበቃችሁ አይሆንም፤ ደብዳቤውን ለኩባንያው አስተላልፎ መልስ ይጠይቃል። ኩባንያ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚያነበው ስልክ የሚያነሳው ልጅ አይደለም።

ካልሆነ የትንንሽ ክሶች ችሎት አለ። ሜሪላንድ እስከ 5,000 ዶላር፣ ዲሲ እስከ 10,000። ጠበቃ አያስፈልግም፣ አስተርጓሚ ትጠይቃላችሁ፣ ይሰጣችኋል። ትልቁ ኩባንያ ዋና ቢሮው የትም ይሁን፣ በግዛቱ እስከሠራ ድረስ መጥሪያ የሚቀበልለት ወኪል ያስመዘግባል፤ ስሙን ከግዛቱ የንግድ መዝገብ በነፃ ታገኛላችሁ። የ600 ዶላር ቴሌቪዥን ለመከራከር ሰው ከመላክ መጠገን ይረክሳልና ብዙ ጊዜ መጥሪያው እንደደረሰ ስልክ ይመጣል። አንድ ጥንቃቄ፦ አንዳንድ ዋስትና ክርክር በግልግል ዳኛ ብቻ ይታይ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ «አልፈልግም» ማለት ይቻላል። አዲስ ቴሌቪዥን ስትገዙ ካርቶኑን ከመጣላችሁ በፊት ዋስትናው እንዲህ ይል እንደሆነ እዩ።

አውሮፓ ያላችሁ፣ የእናንተ መንገድ በአብዛኛው የሚያልፈው በሻጩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሕግ ዋስትናው ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው፤ ስዊድን ሦስት፣ ኅብረቱ ውስጥ የሌለችው ኖርዌይ ለረጅም ጊዜ ለሚያገለግል ዕቃ አምስት። ሻጩ «ለአምራቹ ደውል» ብሎ ሊያባርራችሁ ይሞክራል፤ አትሂዱ። እንግሊዝ እስከ ስድስት ዓመት መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ከስድስት ወር በኋላ ግን ጉድለቱ ከመጀመሪያው እንደነበረ ማስረዳት የእናንተ ሸክም ነው፤ የጥገና ባለሙያ የጻፈው አጭር ወረቀት እዚህ ላይ ወርቅ ነው። ከመጋቢት 2021 ወዲህ ደግሞ አምራቾች ለቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይና ትላልቅ ካፓሲተሮችን ጨምሮ መለዋወጫ ለጥገና ባለሙያዎች ለሰባት ዓመት እንዲያቀርቡ የኅብረቱ ደንብ ያዛል። ሕግ አውጪዎቹ ካፓሲተርን በስሙ መጥራታቸው እኔን ያስቀኛል። እነሱም ቤት አብጦ ነበር ማለት ነው።

ሁለት ነገር ብቻ አታድርጉ። ጀርባውን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ፓወር ቦርዱ ላይ የሚያንዘረዝር ኤሌክትሪክ ይቀራል፣ አምራቹም «ተነካክቷል» የሚል ሰበብ ያገኛል። ሁለተኛ፣ የተበላሸውን ቴሌቪዥን «አዲስ አበባ ያለ ልጅ ይሠራዋል» ብላችሁ በኮንቴይነር አትላኩት። ልጁ ይሠራው ይሆናል፣ ጎበዞች ናቸው። ግን ዋስትናው የሚሠራው በተገዛበት አገር ነው፤ ከሄደ በኋላ ጉድለቱ ቢታወቅና ኩባንያው በነፃ እጠግናለሁ ቢል እናንተ እጅ ላይ ዕቃው የለም።

የልጅቷ ደብዳቤ በሄደ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስልክ መጣ። የዕቃውን ዋጋ እኛ እንችላለን፣ የእጅ ዋጋ 140 ዶላር አንቺ ክፈዪ አሏት። እኔ ልትስማማ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን «ደብዳቤዬ ላይ የጠየቅሁት ሙሉ ጥገና ነው» ብላ ዝም አለች። ስልክ ላይ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ሞክሩት። በሁለተኛው ቀን ሙሉውን ተቀበሉ።

ባለሙያው ማክሰኞ መጣ። ሥራውን ሲጨርስ የተቃጠሉትን የመብራት ዘንጎች እንዲተውላት አስቀድሜ ነግሬያት ነበር፤ እንደገና ቢሞት ማስረጃ ነው። ቡና አፍልታ ጠበቀችው፣ እሱም ሳያንገራግር ተወላት። የጥገናው ዋስትና 90 ቀን ነው። የሚያበቃበትን ቀን በቀይ ጽፋ ፍሪጇ ላይ ለጥፋዋለች።