ዲግሪሽን ጨርሺ፣ ጉሮሮሽን አትጨርሺ

ደብዳቤው የመጣው ከዚሁ ከጎንደር ነው። ጸሐፊዋ የአካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አዘዞ ከቤተሰቦቿ ጋር ትኖራለች፤ ሰንበት ትምህርት ቤት እየዘመረች ነው ያደገችው። አሁን ከአራት ወንዶች ልጆች ጋር ባንድ መስርታ ሃርድ ሮክ ትዘፍናለች። የሚለማመዱት የአንደኛው ልጅ አባት ጋራዥ ውስጥ ነው። ሳሳጥረው እንዲህ ትላለች፦ «ከዚህ ሌላ ምንም ነገር አይታየኝም። ትምህርቱን ትቼ አዲስ አበባ ልግባ? እናቴ ‹ያስተማርኩሽ አዝማሪ እንድትሆኚ ነው ወይ› ብላ አኩርፋኛለች። ሌላው ደግሞ፣ ከልምምድ በኋላ ድምፄ ሁለት ቀን ይዘጋል። የልማድ ነገር ነው አይደል?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። የልማድ ነገር አይደለም። እንዲያውም ከጠየቅሽኝ ሁሉ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። አዲስ አበባ የትም አትሄድም። ጉሮሮ ግን ይሄዳል።

ድምፅ የሚወጣው ጉሮሮ ውስጥ ካሉ ሁለት ትንንሽ የድምፅ አውታሮች ነው። አየር ሲያልፍባቸው ይርገበገባሉ። አንዲት ሴት ከፍ አድርጋ ስትዘፍን በሰከንድ ከ400 ጊዜ በላይ ይጋጫሉ። አስቢው፣ በሰከንድ! ከልምምድ ማግስት ድምፅሽ ከተዘጋ አውታሮቹ አብጠዋል ማለት ነው። እብጠቱ ሳይጎድል በላዩ ላይ ደግመሽ ከጮህሽ፣ እየቆየ እጅ ላይ እንደሚወጣ መጅ ያለ ነገር ያወጣሉ። ሐኪሞቹ ኖዱል ይሉታል።

ስለዚህ አንድ ቀላል ፈተና ልስጥሽ። ጠዋት አፍሽን እንደፈታሽ የልደት መዝሙርን የመጀመሪያ ስንኝ በጣም ቀጭንና በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ዝፈኚው። ጮክ ብለሽ አይደለም፤ ጎረቤት የተኛ ልጅ እንዳይነቃ ያህል። ድምፁ ከተቆራረጠ ወይም አየር ብቻ ከወጣ ገና አልዳነም። የዚያን ቀን ልምምድ የለም። የድምፅሽ መጎርነን ከሦስት ሳምንት ካለፈ ደግሞ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ሐኪሙ በትንሽ ካሜራ አውታሮቹን ራሳቸውን ያይልሻል። ዳማከሴውም፣ ዝንጅብሉም፣ ማሩም መልካም ነው። ግን የምትውጪው ነገር አውታሮቹን አይነካም፤ መንገዱ ሌላ ነው። የሚረዳቸው ቀኑን ሙሉ የምትጠጪው ውሃ፣ እንቅልፍና ዝም ማለት ነው። ሹክሹክታ ዝም ማለት ውስጥ አይገባም።

«እነሱ ሲጮሁ ምንም አይሆኑም» እንዳትዪኝ። ጥሩዎቹ ሮከሮች ላይ የምትሰሚው ሻካራ ድምፅ ጉሮሮ በማነቅ የሚመጣ አይደለም። ከዋናዎቹ አውታሮች በላይ ሌሎች እጥፋቶች አሉ። ሻካራነቱን በአብዛኛው የሚጨምሩት እነሱ ናቸው፤ ታችኛዎቹ ኖታውን ይይዛሉ። ጉልበቱ ከሆድ ይመጣል፣ ቀሪውን ማይክራፎኑ ይሰራል። ስቱዲዮ ውስጥ አጠገባቸው ብትቆሚ ያን ያህል ላይጮሁ ይችላሉ።

አሁን ወደ ጋራዡ እንግባ፤ ችግሩ ግማሹ እዚያ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ነገሩ ሁሌም እንዲህ ነው። የጊታሩ አምፕሊፋየር መሬት ላይ ተቀምጧል። ድምፁ የሚሄደው ወደ ጊታሪስቱ ጉልበት ነው። እሱ ራሱን ስለማይሰማ ይጨምረዋል። ቤዙ ጊታሩን ለማለፍ ይጨምራል። ድራመሩ ከሁለቱም ላለማነስ ይደበድባል። ቆርቆሮው ሁሉንም መልሶ ይተፋዋል። አንቺ መሃል ላይ ቆመሽ የራስሽን ድምፅ ስለማትሰሚ ትጮሂያለሽ። ጥፋቱ የማን ነው? የአምፑ አቀማመጥ። አምፑን ወንበር ላይ አውጡት፣ ፊቱን ወደ ልጁ ጆሮ አዙሩት፣ ከዚያ ራሱ ይቀንሰዋል። የአንቺን ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር ፊት ለፊትሽ አድርጊ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወደ ቤት አትበተኑ። በአኩስቲክ ጊታር ብቻ ቀጥሉ፤ ግጥምሽ የሚጠራው ያኔ ነው።

ጆሮም አለ። ሥራ ላይ ለሚውል ሰው 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ድምፅ የሚመከረው ቢበዛ ለ8 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ሲደርስ የቀረው 15 ደቂቃ ነው፤ ድራም ያለበት የተዘጋ ጋራዥ ደግሞ እዚያ ለመድረስ አይቸገርም። ኤሲ/ዲሲ የተባለው የሮክ ባንድ ድምፃዊ ብራያን ጆንሰን እ.ኤ.አ. 2016 የኮንሰርት ጉዞውን በመሃል አቋርጦ የወጣው ሐኪሞች «ካላቆምክ ጨርሶ ትደነቁራለህ» ስላሉት ነው። ለጆሮ የተሰራ ልዩ መሳሪያ አግኝቶ እስኪመለስ ዓመታት ወስዶበታል። የጆሮ መሰኪያ ግዢ፣ ለአምስታችሁም።

እናትሽን በተመለከተ። የተናገሩት ስድብ መስሎሻል። እኔ ግን አዝማሪውን እንደ መምህር ብታዪው ደስ ይለኛል። ጎንደር ተወልደሽ፣ ቡርቧክስ ያህል የአዝማሪ መንደር አጠገብሽ እያለ፣ የመድረክ ትምህርት ከዩቲዩብ ብቻ መፈለግ ያስቆጫል። አንድ ማታ ከትልቅ ሰው ጋር አዝማሪ ቤት ግቢና ግጥሙን ትተሽ ትንፋሹን ተከታተዪ። ሁለት ስንኝ ይላል፣ ከዚያ ማሲንቆው ያወራል። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፣ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው እየደገመ ያርፋል። ሰው ሲስቅ ያርፋል። ግንባሩ ላይ ብር ሲለጠፍለት ያርፋል። ሌሊቱን ሙሉ የዘፈነ ይመስልሻል እንጂ ግማሹን ያሳለፈው በማሳረፍ ነው። የእናንተ ባንድ የዘፈን ቅደም ተከተልም እንደዚህ መሰራት አለበት። ከባዱን ዘፈን ከባድ አትከተሉት። ጊታሪስቱ ረጅም ሶሎ ሲጠይቅሽ በደስታ ፍቀጂለት፤ ለሱ ክብር ነው፣ ላንቺ ውሃ መጠጫ።

በነገራችን ላይ ባቲ ማይነር የሚባለው ቅኝት የሮክ ጊታሪስቶች ሁሉ የሚጀምሩበት ያው ባለ 5 ድምፅ ስኬል ነው። ለጊታሪስታችሁ ንገሪው። ቁጭ ብሎ የውጭ ሰው ሶሎ ከሚቀዳ፣ ከማሲንቆ ተጫዋች ጋር አንድ ከሰዓት ቢውል ባንዳችሁ የራሱ ድምፅ ይኖረዋል።

ትንፋሽን ካነሳን፣ ሬይንቦውና ብላክ ሳባዝ የተባሉት የሮክ ባንዶች ድምፃዊ የነበረው ሮኒ ጄምስ ዲዮ የድምፅ ትምህርት ተምሮ አያውቅም። ልጅ እያለ ትራምፔት ይነፋ ነበር፤ አተነፋፈሱን ያገኘው ከዚያ እንደሆነ ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. 1942 ተወልዶ፣ በ2010 በካንሰር ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት እንኳን መድረክ ላይ ነበር። አንቺ ትራምፔት አያስፈልግሽም። የአቋቋም ከተማ ውስጥ ነው ያለሽው። የበዓታ ሊቃውንት ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ ማን ማይክ ሰጣቸው? ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርሽውን አተነፋፈስ አትጣዪው። መዝሙርና ሮክ አብረው ይሄዳሉ ወይ የሚለውን ለንስሐ አባትሽ ተዪው፤ እኔ የማወራው ስለ ሳንባ ነው።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። አትተዪው። ይህን የምልሽ ሙዚቃ ሥራ ስላልሆነ አይደለም። ሥራ ነው፣ ያውም ከባድ ሥራ። ግን የሃርድ ሮክ ድምፃውያንን ሕይወት ስታነቢ ከመድረኩ ጎን ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ ታገኛለሽ። ብራያን ጆንሰንን ተመልከቺ። ጆርዲ የሚባለው የመጀመሪያ ባንዱ ጥቂት ዘፈኖቹ ከታወቁለት በኋላ ተበተነ። ሰውየው ኒውካስል ተመልሶ የመኪና ጣሪያ ሽፋን መጠገኛ ሥራ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1980 የኤሲ/ዲሲ ድምፃዊ ቦን ስኮት ሲጠጣ አምሽቶ፣ መኪና ውስጥ እንደተኛ በ33 ዓመቱ ሞተ። ጆንሰን ለፈተና ተጠራ፣ ተቀጠረ፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ የወጣው አልበም በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት አንዱ ሆነ። ዕድል ነው ልትዪ ትችያለሽ። ዕድሉ ሲመጣ ግን ሰውየው ጉሮሮው ጤነኛ ነበር፣ የሚበላውም አላጣም።

የአይረን ሜይደኑ ብሩስ ዲከንሰን ደግሞ ለንደን ውስጥ ታሪክ የተማረ ሰው ነው፤ በተማሪነቱም በትንንሽ ባንዶች ይዘፍን ነበር። እ.ኤ.አ. 1981 አይረን ሜይደን ገባ። በኋላ የአየር መንገድ አብራሪ ሆኖ የራሱን ባንድ ቦይንግ 757 ጭኖ ዓለምን አዞረ። 2015 ላይ ምላሱ ሥር የወጣውን ካንሰር ታክሞ ድኖ በማግስቱ ዓመት እንደገና መድረክ ወጣ። ከሴቶቹ የሃርት ባንዷን አን ዊልሰንን ስሚ፤ 1950 የተወለደች ናት፣ 70 ዓመት ካለፋትም በኋላ ትዘፍናለች። ከቦን ስኮት ጋር አስተያያቸው። ልዩነቱን ያመጣው ተሰጥኦ አይደለም።

አሁን በሂሳብ እንነጋገር፣ ያንቺው ሙያ ነውና። እንበል አንድ ምሽት 20,000 ብር ተከፈላችሁ። የድምፅ መሳሪያ ኪራይ 6,000 ወጣ። ትራንስፖርትና እራት 2,000። የቀረው 12,000 ለአምስት ሲካፈል 2,400 ነው። ወር ላይ ስንት እንዲህ ያለ ምሽት አለ? ጥር ላይ ጥምቀትም ሰርግም ስላለ ከተማው ይሞቃል። ሁዳዴ ሲገባ ግን ሁሉም ዝም ይላል፣ ለሁለት ወር ገደማ። የምሽት ሥራ ደግሞ ጸጥታው እንደፈቀደ ነው፤ ይህን ለጎንደር ልጅ አልነግርም። ስለዚህ የጥርን ገንዘብ ለሁዳዴ የሚያስቀምጥ ሰው ባንዱ ውስጥ ያስፈልጋል። ያ ሰው አንቺ ነሽ። ደብተር ያዢ። ብዙ ባንድ የሚፈርሰው በሙዚቃ ሳይሆን «ያቺ ብር የት ገባች» በሚል ነው።

ሰርግ ላይ የሰው ዘፈን መጫወት ውርደት እንዳይመስልሽ። እኔ ብሆን እወስደዋለሁ። ያልመጣልሽን ሕዝብ ማስነሳት የምትማሪው እዚያ ነው። ብቻ ስትዋዋዪ አንድ ነገር አስገቢ፦ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ አዘዞ የሚያደርስሽ መኪና በደጋሹ ወጪ። «ባጃጅ አይጠፋም» የሚል ደጋሽ ካጋጠመሽ ሥራውን ተዪው።

አዲስ አበባ መሄዱን አልጠላውም፤ የምጠላው አሁን መሄዱን ነው። አንድ ዓመት ከምናምን ቀርቶሻል። የመውጫ ፈተናሽን ተፈተኚ፣ ዲግሪሽን ያዢ። በዚህ ጊዜ የቤት ኪራይ የለብሽም፣ ጋራዡ ነጻ ነው፣ ልጆቹ አጠገብሽ ናቸው። እንዲህ ያለ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። እስከዚያ የራሳችሁ የሆኑ ስምንት ወይም አስር ዘፈኖች ካልወጧችሁ አዲስ አበባ ምን ይዛችሁ ትገባላችሁ? ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን እንደ አማራጭ አንስተሻል። ተፈትነሽ ከገባሽ ሙዚቃን ከመሠረቱ ታውቂያለሽ፣ ሃርድ ሮክ የሚባል ክፍል ግን የለውም፤ ያንን አውቀሽ ግቢ። ሮክ በአማርኛ አይሄድም ለሚሉሽ ደግሞ ጃኖ ባንድን ጥቀሺላቸው። እ.ኤ.አ. 2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ሲያወጡ ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። ከአራቱ ድምፃውያን ሁለቱ ሴቶች ነበሩ።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር ልጨምር። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ግጥም ወይም ዜማ የደረሰ ሰው መብቱ ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ጋራዥ ውስጥ አምስታችሁ ሆናችሁ የሰራችሁት ዘፈን ግን የማን ነው? ግጥሙ ያንቺ ነው፣ ዜማው ግማሹ ያንቺ ነው፣ መግቢያውን ጊታሪስቱ አመጣው። ዛሬ ማንም ግድ የለውም። አንዱ ዘፈን ሰው ጆሮ የገባ ቀን ሁሉም ግድ ይኖረዋል። የእያንዳንዱ ዘፈን ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ፣ የባንዱ ስም ለማን እንደሚቀር፣ አንድ ሰው ቢወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ አንድ ገጽ ላይ ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙ። ስትቀዱት ደግሞ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን አስመዝግቡት። ጊታሪስቱ «እኛ እኮ ወንድምና እህት ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» ካለ፣ መጀመሪያ እሱ ይፈርም።