ሚስቴ ከወለደች በኋላ ሌላ ሰው ሆነችብኝ፣ ወደ ቤተሰቦቿ ልላካት?

ሰላም ወንድሜ፣ የጻፍክልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው፦ ጠያቂያችን የመጀመሪያ ልጁ አሁን ሰባት ወሯ ነው፣ ልጅቷ ሁለት ወር ሲሞላት አካባቢ ሚስቱ እንቅልፍ አጣች፣ ልቧ ድው ድው እያለ እጇ እየተንቀጠቀጠ በትንሽ በትልቁ ሊያርሷት ከክፍለ ሀገር ከመጡት እናቱ ጋር መጋጨት ጀመረች፣ እየበላችም ከሳች። ከአምስተኛው ወር ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፣ ቀኑን ሙሉ ድካም፣ ብርድ፣ የሆድ ድርቀት፣ ፀጉሯ በእፍኝ ይረግፋል፣ አልጋ ላይ ሲጠጋት ፊቷን ታዞራለች። እናቱ የሰው ዓይን ነው ጠበል ትሂድ ይላሉ፣ እሱ ፍቅሯ አልቋል ብሏል፣ እና ለጊዜው ወደ ቤተሰቦቿ ልላካት ወይ ነው ጥያቄው።

አትላካት። ቢያንስ ደሟ ሳይታይ አትላካት።

እኔ ሳይኮሎጂስት ነኝ፣ መድኃኒት አላዝም፣ በደብዳቤም ሰው በሽታው ይሄ ነው አይባልም፣ ግን አንተ የጻፍከው ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ መፍጠን ከዛ መቀዝቀዝ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታይሮይድ ብግነት የሚባለውን ነገር በጣም ይመስላል። ከ100 ወላድ ወደ 5 የሚሆኑትን ያገኛቸዋል፣ ብዙዎቹ ግን ሳይታወቅላቸው ስትረስ ነው፣ ጠባይዋ ነው፣ ምናምን እየተባለ ያልፋል።

ታይሮይድ አንገታችን ላይ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ያለ ዕጢ ነው፣ ሲያድግ እንቅርት የምንለው (የሷ አንገት ስላላበጠ ጤነኛ ነው ማለት ግን አይደለም)። የሚያመርተው ሆርሞን የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ አንጀትን፣ እንቅልፍን፣ ስሜትንም ይነካል። በእርግዝና ጊዜ የሰውነት መከላከያ ፅንሱን እንዳያጠቃ በተወሰነ መልኩ ይረግባል፣ ከወሊድ በኋላ መልሶ ይነቃል፣ አንዳንድ ሴቶች ላይ ሲነቃ የራሳቸውን ታይሮይድ ያጠቃል። ዕጢው ለሳምንታት የሚበቃ ሆርሞን አከማችቶ ስለሚይዝ ሲቆስል ክምችቱ ወደ ደም ይፈሳል፣ የተሰነጠቀ ሮቶ በለው፣ መጀመሪያ ግቢውን ያጥለቀልቃል በኋላ ቧንቧው ይደርቃል። የመጀመሪያው ጎርፍ ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ነው፣ ድርቀቱ ከ4 እስከ 8 ወር አካባቢ። አብዛኞቹ ሴቶች በዓመት፣ በዓመት ተኩል ውስጥ ይድናሉ፣ የተወሰኑት ላይ ግን ዕጢው እንደደከመ ይቀራል፣ ስለዚህ ራሱ ይለቃታል ብሎ መተው አይሆንም።

ምርመራው ቀላል ነው፣ ቲ ኤስ ኤች እና ፍሪ ቲ ፎር ይባላል (ሁለተኛው ታይሮይዱ ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን ነው)፣ እግረ መንገዷን የደም ማነስም ትታይ። ቲ ኤስ ኤች አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ታይሮይድን ሥራ ብላ የምትልከው ትእዛዝ ስለሆነ ታይሮይዱ ሲደክም እሱ ይጨምራል፣ ወረቀቱ ላይ ከፍተኛ የሚል ስታይ የታይሮይድ ሆርሞኗ በዝቶባታል ብለህ እንዳትተረጉመው። አብረሃት ሂድ፣ ልጅቷን አንተ ያዝ፣ ለሐኪሙም የወለደችበትን ቀንና የመጀመሪያዎቹን ወራት ምልክት ንገር፣ ዛሬ ብቻ ያያት ሰው ግማሹን ነው የሚያየው። ሌቮታይሮክሲን (የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካ ክኒን ነው) ከታዘዘላት ማጥባት አይከለክላትም፣ ግን ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ነው፣ ቁርስም ቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ፣ የአይረን ክኒን የምትወስድ ከሆነ ደግሞ በ4 ሰዓት ይራራቁ። በሦስተኛው ቀን ለውጥ የለም ብለህ አትነጫነጭ፣ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ደሙም ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይደገማል። ጠበሉን በተመለከተ ከእናትህ ጋር አትከራከር፣ ይሂዱ፣ ላብራቶሪው ግን ይቅደም፣ ክኒኑም አይቋረጥ።

ውጤቱ ኖርማል ቢሆንስ? ያኔም "ይኸው ጠባይዋ ነው" አይደለም፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ዲፕሬሽን አለ፣ ከታይሮይዱ ጋር አብሮም ሊመጣ ይችላል፣ እሱም ይታከማል። ብሞት ይሻለኛል ካለች፣ ወይ ልጅቷን ስለመጉዳት ካወራች፣ ወይ የሌለ ድምፅ ከሰማች ቀጠሮ ምናምን ሳትል በዛው ቀን ሆስፒታል ውሰዳት።

አልጋውን ደግሞ ለብቻው ልመልስልህ። የምታጠባ ሴት ፕሮላክቲኗ (ወተት የሚያስመርተው ሆርሞን) ከፍ፣ ኢስትሮጅኗ (የሴትነት ሆርሞኑ) ዝቅ ያለ ነው፣ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ብልት ይደርቃል፣ ግንኙነት ሊያማት ይችላል። ፊቷን ስታዞር ሕመም እየሸሸች ሊሆን ይችላል፣ ጠይቀሃት ታውቃለህ?

አሁን ትንሽ ልቆጣህ። "እናቴ ለሁለት ወር ልጅ ቅቤ ልታልሳት ስትል ከእጇ ቀማቻት፣ ለእናቴ ክብር የላትም" ብለህ ጽፈሃል። ይሄ ሆርሞን አይደለም! ልጅ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ውጪ ምንም አያስፈልጋትም፣ ሚስትህ ልክ ናት፣ ያን ቀን "እማዬ ሐኪሙ ከልክሏል" ማለት የነበረብህ አንተ ነህ። ይሄን የምልህ የምርመራው ውጤት ሲመጣ ከዚህ በኋላ የምትናገረውን ሁሉ "ሆርሞንሽ ነው" እያልክ እንዳትዘጋባት ነው፣ በተለይ እናትህ ፊት። ታይሮይዷ የታመመ ሴትም ትክክለኛ ቅሬታ ይኖራታል። ማታ ልጅቷ ስታለቅስ ማን እንደሚነሳ ደብዳቤህ ላይ የለም፣ እኔ ግን ጠርጥሬአለሁ።

ስትነግራትም "ተቀይረሻል፣ እንመርመርሽ" አትበላት፣ ክስ ይመስላል። "እንደደከመሽ እያየሁ ዝም ብያለሁ፣ ከወለድሽ በኋላ ደምሽ አልታየም፣ ቅዳሜ እንሂድ" በላት፣ ቀኑን ያዝና በላት፣ አንድ ቀን እንሄዳለን ከሆነ አትሄዱም።

እናቷ ቤት መሄድን ራሷ ከፈለገች ግን ሌላ ነገር ነው፣ እናቷ ጋ ማረፍ የሚናፍቃት ሴት ብዙ ናት፣ ያኔ አንተ አድርሳት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድክ እደር፣ የክኒኑንና የቀጠሮውን ነገርም ለአማትህ በደንብ አስረዳቸው።