ጎንደር ላይ መሪ ውሻ ለዓይነ ስውራን፦ ከውሻው የሚቀድም ሥራ አለ

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችን የጻፈችውን ጥያቄ ደጋግሜ አዳመጥኩት። ላላያችሁት ባጭሩ ልድገመው። እሷና ጓደኞቿ ጎንደር ላይ ለዓይነ ስውራን መሪ ውሻ በነጻ የሚሰጥ በጎ አድራጎት ድርጅት ማቋቋም ይፈልጋሉ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻቸው ገንዘብ ለማዋጣት ቃል ገብተውላቸዋል። ከየት እንጀምር ነው ጥያቄው።

እኔ ራሴ ዓይነ ስውር ነኝ። በልጅነቴ ኩፍኝ ይዞኝ ነው ማየት ያቆምኩት። እዚሁ ጎንደር መምህር ነኝ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ሌሎች ዓይነ ስውራን በነጭ በትር እንዲንቀሳቀሱ አሠለጥናለሁ። ለዚሁ ሥልጠና ደቡብ አፍሪካ በሄድኩበት ጊዜ ደግሞ በመሪ ውሻ የመራመድ ዕድል አግኝቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሐሳባችሁ መልካም ነው፣ ግን ከውሻ አትጀምሩ። ከሰዉና ከመንገዱ ጀምሩ። ውሻው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ይድረስ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ሰው መሪ ውሻ እንደ ባጃጅ ሹፌር «ፒያሳ» ሲሉት ፒያሳ የሚያደርስ ይመስለዋል። አይደለም። መንገዱን በጭንቅላቱ የያዘው ሰውየው ነው። ስንት መታጠፊያ እንዳለፈ፣ የቱ ጋ ወደ ግራ እንደሚዞር፣ መኪናው ከየት በኩል እንደሚመጣ በጆሮው የሚለየው እሱ ነው። ውሻው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ደረጃ ወይም የአስፋልት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ እንቅፋት ሲኖር ዞሮ ያሳልፋል። መኪና እየመጣ ከሆነ ደግሞ «ሂድ» ቢባልም አይሄድም። በራሱ መንቀሳቀስ ያልለመደ ሰው ውሻ ቢሰጠው ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ለዚህ ነው ውጭ ያሉት ትምህርት ቤቶች አመልካቹ በበትር በደንብ መሄድ መቻሉን ሳያዩ ውሻ የማይሰጡት።

ጆሃንስበርግ ውስጥ ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ የመሪ ውሻ ማኅበር አለ። እዚያ ከተማ ነው አንዲት ላብራዶር ይዤ የተራመድኩት። ጀርባዋ ላይ ጠንካራ እጀታ ያለው ማሰሪያ አለ፣ በግራ እጅ ይያዛል። ፍጥነቷ ገረመኝ። እየሄድን ሳለ እጀታው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ገፋ አደረገኝ። ምን እንደሆነ አልገባኝም። አሠልጣኙ እጄን ይዞ ወደ ላይ ሲያስዳስሰኝ ልክ በግንባሬ ትይዩ የተንጠለጠለ የዛፍ ቅርንጫፍ ነበር። እሷ ብቻዋን ብትሆን ከሥሩ በቀላሉ ታልፋለች። የዞረችው ለእኔ ብላ ነው። በትር ይህን አያደርግም። በትር መሬቱን ነው የሚነግርህ፣ ከወገብ በላይ ያለውን አያውቅም። በሱቆች ደጅ ላይ የወጣ ቆርቆሮ ስንቴ ግንባሬን እንዳገኘው እኔ ነኝ የማውቀው። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቶሎ ቶሎ ተራምጄ አላውቅም። ስለዚህ ውሻ ዋጋ የለውም የምል እንዳይመስላችሁ።

አሁን ያን መንገድ ከእኛው ጋር አስተያዩት። ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስሄድ የእግረኛው መንገድ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ተዘርግቷል። ቦዩ ቦታ ቦታ ላይ ክዳን የለውም። ባጃጅ ከየት ብቅ እንደሚል አይታወቅም። ጭነት የያዘ አህያ ከኋላ ይመጣል። ይህ ሁሉ ግን በሥልጠና ይለመዳል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሰፈር ውሾች ናቸው።

የቆሎ ተማሪ አኮፋዳና በትሩን ይዞ ሲዞር ከውሻ ጋር ያለውን ትግል የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለእኛም እንደዚያው ነው። ማለዳ ኪዳን ለማድረስ ሲወጡ ውሾቹ ገና በመንገዱ ላይ ናቸው። ለሠልጣኞቼ መጀመሪያ ከማስተምራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ውሻ ሲጮኽባችሁ በትሩን ወደ ላይ አታንሡ። የተነሣ በትር ሲያይ ሊመታ ነው ብሎ ይብስበታል። ቁሙ፣ በትሩን ወደ ደረታችሁ ሰብስባችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ አትሩጡ። እንግዲህ እዚህ መሃል ላይ መሪ ውሻ ጨምሩበት። መሪ ውሻ እንዳይጣላ ተደርጎ ነው የሚሠለጥነው። ሦስት አራት ሆነው ከከበቡት አይከላከልም። አንዴ ክፉኛ ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉ ቢድንም ፍርሃቱ ላይለቀው ይችላል። በሌላ አገር ብዙ የተለፋባቸው ውሾች በዚህ ምክንያት ከሥራ ወጥተዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ሌላው ነው። የእናንተን ውሻ በየዓመቱ ማስከተብ ብቻውን አይበቃም። በሽታው በአንድ አካባቢ እንዲቆም ቢያንስ ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። የመጀመሪያ ደብዳቤያችሁ ወደዚያ ቢሄድ እወዳለሁ። በመረጣችኋቸው ሰፈሮች የክትባት ዘመቻ ብታግዙ ዓይነ ስውሩም፣ ሕፃኑም፣ ውሻውም ይጠቀማል። (የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። ማዘግየት የለም።) ባለቤት የሌለውን ውሻ በመርዝ የማስወገድ ልማድ በየከተማው እንዳለም አትርሱ። መርዝ የተቀባ ሥጋ የእናንተን ውሻ ለይቶ አይምርም።

ስለ እምነት ነገር ብዙ ሰው በግልጽ አያወራም። እኔ ላውራው። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይገባም። ጎንደር ደግሞ የአብያተ ክርስቲያናት ከተማ ናት። ብዙዎቻችን ዓይነ ስውራን ከቅዳሴ አንቀርም። ከመካከላችን መሪጌቶች አሉ፣ የዜማና የአቋቋም ሊቃውንት አሉ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ሲነካ ለሶላት የሚያስከትልባቸው ጥንቃቄ አለ። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ በጎ አድራጊ ከመጣ ሥራው ገና ሳይጀመር ያልቃል። ከቄሶቹም ከኢማሞቹም ጋር ቀድማችሁ ተቀመጡ። ውሻው የት ይጠብቃል? ማን ይይዘዋል? ከበሩ እስከ ውስጥ ሰውየው በበትር ይግባ ወይስ ሰው ይቀበለው? መፍትሔ አለው፣ ግን ከእነሱ ጋር ተመክሮ የሚገኝ ነው።

ቤትም አለ። የእኛ ሰው ውሻ የሚያሳድገው ለጥበቃ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። መሪ ውሻ ግን ቤት ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ነው የሚያድረው። አብዛኞቻችን ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየን ነን። አከራይዋ «ውሻ ቤት ውስጥ!» ብላ ብታስወጣንስ? ምግቡስ? ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። እያደገ ያለ ቡችላ 55 ቀን ሙሉ በሽሮ ፍትፍት አይከርምም። ምግቡ ቀድሞ ተገዝቶ መቀመጥ አለበት፣ ሒሳቡ በጀት ውስጥ ይግባ።

እንግዲህ ከምን እንጀምር?

ከዓይን ምርመራ። አዎ፣ ከምርመራ። በ2005 እና 2006 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ማየት ያቆሙት በሞራ ግርዶሽ ነው። ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይነሣል! ትራኮማም ድርሻው ትልቅ ነው፣ የአማራ ክልል ደግሞ በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። ለምትመዘግቡት ሰው ሁሉ መጀመሪያ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ምርመራ አስደርጉለት። ውሻ ሊሰጣቸው ተመዝግበው ዓይናቸው በርቶ የሚመለሱ ሰዎች ይኖራሉ። ለዚያ ብቻ እንኳ ድርጅቱ መቋቋሙ አይቆጭም።

ቀጥሎ በትርና ሥልጠና። እዚህ ላይ ልለምናችሁ። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ዓይነ ስውርን የሚመራው ማን ነው? ልጅ ነው። የአባቱን ወይም የእናቱን በትር ጫፍ ይዞ ከፊት የሚሄደውን ልጅ ሁላችሁም አይታችሁታል። ያ ልጅ ትምህርት ቤት መሆን ነበረበት። አንድ አባት አሠልጥኜ ነበር። ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ እስከ ወፍጮ ቤት ያለውን መንገድ ነው የተማረው። በትሩን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞረ መሬቱን መንካት፣ የቦዩን ጠርዝ በበትሩ ጫፍ ማግኘት፣ የወፍጮውን ድምፅ በየትኛው ጆሮ እየሰማ እንደሚሄድ ማወቅ። ብዙ ወጪ የለውም፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ልጁ በቀጣዩ መስከረም ተመዘገበ። እናንተ በአንድ ውሻ ዋጋ ስንት እንዲህ ያለ ቤት እንደምትደርሱ አስቡት። ውጭ አገር አንድን መሪ ውሻ አርብቶ፣ አሳድጎና አሠልጥኖ ለሥራ ማብቃት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል። ውሻ እንደ ልብ በሚገኝበት በአሜሪካና በእንግሊዝ እንኳ ከውሻ ይልቅ በትር የሚይዘው ዓይነ ስውር ይበዛል።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ድርጅቱ የሚመዘገበው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ቢሮና መኪና ላይ አትቸኩሉ። ለዘመዶቻችሁም የሚላከው ገንዘብ የአንድ ጊዜ እንዳልሆነ ከአሁኑ ንገሯቸው። አንድ መሪ ውሻ 7 ወይም 8 ዓመት ይሠራል። ዘጠኝ አሥር ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል፣ ከዚያም በኋላ መብላትና መታከም አለበት። በአምስተኛው ዓመት ላይ የዘመድ ልብ ቢቀዘቅዝ ባለውሻው ምን ይሁን? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ስታነጋግሩ ደግሞ ኢትዮጵያ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀችውን የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ይዛችሁ ሂዱ። አንቀጽ 20 በራስ ስለመንቀሳቀስ መብት ነው የሚያወራው፣ በትሩንም ውሻውንም በዚያ ሥር ማንሣት ትችላላችሁ።

ውሻው ጊዜው ሲደርስ በሁለት ይጀመር። እንግሊዝ ውስጥ በ1931 (እ.ኤ.አ.) ሲጀመር የሠለጠኑት አራት ውሾች ብቻ ነበሩ። ለመጀመሪያዎቹ ራሳችሁ አታርቡ፣ ልምድ ካለው ትምህርት ቤት ጋር ተዋዋሉ። ከዚህ አንድ ወጣት ልካችሁ አሠልጥኑ። ብቁ አሠልጣኝ ለመሆን ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳል፣ ለዚህ ነው ዛሬውኑ መላክ ያለበት። ቡችላ ከስምንት ሳምንቱ ጀምሮ ዓመት እስኪያልፈው ቤተሰብ ውስጥ ነው የሚያድገው። ታክሲ ይሳፈራል፣ ገበያ ይወጣል፣ ልጅ ሲጮኽ፣ ሙዚቃ ሲደለቅ ይለምዳል። ከዚያ ነው ዋናው ሥልጠና። በደንብ ተመርጠው ከተወለዱትም መካከል ብዙዎቹ መጨረሻ ላይ ለመምራት አይበቁም፣ ለእነሱም ቤት አዘጋጁ። ውሻውን የሚያበላው ራሱ ዓይነ ስውሩ ይሁን፣ ሚስቱም እህቱም አይደሉም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ?

ማን ያግኝ ለሚለው፣ በየቀኑ ከቤት የሚወጣ ሰው። ተማሪ፣ ሠራተኛ፣ ነጋዴ። በሳምንት አንዴ የሚወጣ ሰው ጋ ውሻው የተማረውን ይረሳል። ከልቡ የሚፈልግም መሆን አለበት። ውሻ የሚፈሩ ብዙ ዓይነ ስውራን አሉ፣ በቂ ምክንያትም አላቸው። ለለጋሽ ፎቶ ሲባል ማንም እንዳይገፋ አደራ።

እና እህቴ፣ በጻፍሽው ውስጥ አንድ ነገር ጎድሎብኛል። ከመሥራቾቹ መካከል ዓይነ ስውር አለ ወይ? ከሌለ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ጨምሩ። የዓይነ ስውራን ማኅበር አባላትን ጥሩ፣ ሴቶችንም ጥሩ። ሴቷ ዓይነ ስውር ብቻዋን ስትወጣ የሚገጥማት ከእኔ የተለየ ነው። ከስብሰባው በፊት ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኑና ከፒያሳ እስከ ገበያው አብረን እንሂድ። ለእያንዳንዳችሁ በትርና የዓይን መሸፈኛ አመጣለሁ። የሚመቻችሁን ቀን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።