በሰማያዊ ብቻ ወፎችን ለመሣል የትኞቹን ቱቦዎች ልግዛ ላልሽው

እህቴ፣ ስድስት ወፎችን በውሃ ቀለም፣ በሰማያዊ ብቻ ልሣል ብለሽ ስንት ዓይነት ሰማያዊ እንደሚያስፈልግሽ ጠይቀሻል። ሁለት ይበቃሻል፤ ባለ አሥራ ሁለቱን ሣጥን ተይው።

1. አልትራማሪን (ፒቢ 29) እና ታሎ ብሉ (ፒቢ 15) ግዢ። አልትራማሪን ወደ ሐምራዊ፣ ታሎ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ከስሙ ይልቅ ቱቦው ላይ ያለውን የቀለም ኮድ (PB29፣ PB15) አንብቢ። ርካሽ ቱቦ ላይ «ኮባልት ብሉ» ተብሎ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰማያዊ በነጭ የተበረዘ ነው፤ ይህን የሚነግርሽ ሻጭ ደግሞ አታገኚም። ለማጥቆሪያ ትንሽ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) ጨምሪ፤ ከአልትራማሪን ጋር ጥቁር ሊመስል የደረሰ ግራጫ ይሰጥሻል።

2. ወረቀቱ ጥጥ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም ይሁን። ከዚያ የሳሳው ይጨማደዳል።

3. ወረቀት የሚያስጥልሽ ታሎ ነው። አንዴ ከደረቀ በእርጥብ ብሩሽ ብትፈትጊውም አይለቅም፤ አልትራማሪን ግን በደንብ ይነሳል። ስለዚህ የዓይኑን ነጸብራቅና ብርሃን ያረፈበትን የጀርባ ጠርዝ ከመጀመሪያው ሳትነኪ ተዪ። ስትደባልቂ ለአራት አምስት እጅ አልትራማሪን አንድ እጅ ታሎ ይበቃል፤ እኩል ካደረግሽው ይውጠዋል።

የላባው ብልጭታ አልመጣልሽ ሲል ነጭ አትጨምሪ፤ ኖራ ይመስላል። የእነዚህ ወፎች ሰማያዊ ከቀለም ሳይሆን ብርሃን በላባው ጥቃቅን አሠራር ሲበተን የሚመጣ ነው፤ ብርሃኑ ከኋላ ከሆነ ላባው ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ጥላውን በዚያ ግራጫ ሥሪ፣ ንጹሑን ሰማያዊ ጠርዝ ለጠርዝ አጠገቡ አኑሪው። ያኔ ያበራል።

ሥዕሎቹ ሁሉ አንድ እንዳይመስሉብሽ የምትሥይውን ወፍ ፎቶ ስልክሽ ላይ ጥቁርና ነጭ አድርገሽ የቱ ጠቆር፣ የቱ ፈዘዝ እንደሚል እዪ። የሐዋሳ ሐይቅ ዳሯ ትንሿ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ሆዷ ብርቱካናማ ነው፤ አንቺ ጋ ብርቱካናማ ስለሌለ በሳሳ አልትራማሪን ተኪው፣ ጀርባዋን ግን ደማቅ አድርጊው። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚሳሳ ከምትፈልጊው አንድ ደረጃ አጥቁሪ።

ከስድስቱ አንዱ የደጋችን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይሁን። አካሉ ግራጫማ ቡናማ ነው፤ ፈዛዛው ሰማያዊ ክንፉ ላይ ነው፣ በደንብ የሚታየውም ሲዘረጋው ነው። ሙሉውን በግራጫሽ ሥሪና ክንፉን ብቻ በሳሳ ታሎ አንዴ ቅቢው። ሳይደርቅ ተመልሰሽ ከነካካሽው ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይዘረዘራል፣ እሱንም ማንሳት አይቻልም።