እርሾ «ይሰማዋል»? «ይርበዋል»? ወይስ ምን እንበል

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ ለወይን ፋብሪካ አዲስ ሰራተኞች የሚሰጥ የስልጠና ጽሁፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። «እርሾው ጭማቂው ውስጥ ያለውን ምግብ ይሰማዋል፣ ምላሽም ይሰጣል፣ ናይትሮጅን ሲርበው ፍላቱ ይቆማል» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ እርሾ ሰው ነው እንዴ ብሎ ሳቀብኝ፣ ደግሞ ወይን «ይቦካል» እንጂ «ይፈላል» አይባልም አለኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር። ሊጥ ይቦካል፣ ጠጅና ጠላ ይፈላል፣ ወይንም ያው የመጠጥ ወገን ስለሆነ ይፈላል። እሳት ላይ ከተጣደው ጋር እንዳይምታታ መጀመሪያ ላይ አንዴ «በእርሾ መፍላት» በልና ቀጥል በቃ።

«ይሰማዋል» ላይ ግን ጓደኛህ አልተሳሳተም። ራበው፣ ጠማው፣ በረደው፣ ተሰማው ስንል ጫፉ ላይ ያለችው «ው» ስሜቱ የሚደርስበትን ነው የምታሳየው፣ እርሾ ደግሞ አንድ ሴል ነው፣ ነርቭ የለው ጭንቅላት የለው። ታዲያ ምንድን ነው የሚያደርገው ካልክ፣ ሽፋኑ ላይ ኤስኤንኤፍ3 እና አርጂቲ2 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉት፣ መልካቸው ስኳር የሚያስገቡትን ይመስላል ግን ራሳቸው ስኳር አያስገቡም፣ በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ መልእክት እንደሚልክ ዘበኛ ናቸው፣ አንዱ ስኳር ሲበዛ ሌላው ሲያንስ ነው የሚነቃው። የወይን ጭማቂ በሊትር 200 ግራም ገደማ ስኳር ይዞ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ጥቂት ግራም ይቀረዋል፣ ስለዚህ እርሾው መጀመሪያ ለብዙ ስኳር የሚሆነውን ማስገቢያ ይሰራል፣ በኋላ ጥቂቷን ለቅሞ የሚይዘውን። ብዙና ጥቂትን «ይለያል» ማለት እንግዲህ ይሄው ነው፣ ግሱ ቁጭ ብሎልሃል።

«ምላሽ ይሰጣል»ን ሰርዘው። የቢሮ አማርኛ ነው፣ ምንም አይነግርም፣ ምን እንዳደረገ ጻፍ።

ናይትሮጅን ላይ ደግሞ «ያስቀድማል» የሚለው ግስ ይጠቅምሃል፣ ምክንያቱም እርሾው ናይትሮጅን ከያዙት ውስጥ አሞኒየምና የሚመቹትን አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መስሪያ ቅንጣቶች) እያገኘ የሌሎቹን ማስገቢያ ዘግቶ ነው የሚቆየው። ፕሮሊን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ደሞ ለመጠቀም ኦክስጅን ያስፈልገዋል፣ በርሜሉ ውስጥ ኦክስጅን ስለሌለ ዝም ብሎ ይተወዋል። ሻርዶኔን የመሰሉ የወይን ዝርያዎች ፕሮሊን ስለሚበዛባቸው ጠቅላላ ናይትሮጅናቸው ሲለካ ደህና ይመስላል፣ እርሾው ጋ ግን የለም። ስለዚህ ባዶውን «ናይትሮጅን» አትበል፣ «እርሾው የሚጠቀምበት ናይትሮጅን» በል፣ በሊትር 140 ሚሊግራም ገደማ ከወረደ ስራው ሊንቀራፈፍ ይችላል የሚባለውም እሱ ነው።

«ሲርበው»ን የምቃወመው ግን ለሰዋስው ብቻ አይደለም። «ራበው» ካልክ ሰልጣኙ ስኳር አልቋል ብሎ ነው የሚረዳው፣ ነገሩ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ስኳሩ እያለ ናይትሮጅን ስላጣ ስኳር የሚያስገቡት ፕሮቲኖች ይፈርሱና በምትካቸው አዲስ መስራት ያቅተዋል፣ አንዳንዴም የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይለቃል። «አለቀበት» በል። «በት» ጉዳቱን ታሳያለች፣ ስሜት ግን አትሰጠውም። ለሰራተኛው ደግሞ የናይትሮጅን ጨው የሚጨመረው በጊዜ መሆኑን ጻፍለት፣ አልኮሉ ከበረታ በኋላ ቢጨመር እርሾው ማስገባት ይቸግረዋል።

እንግዲህ እንዲህ ብታደርገው፦ «እርሾው ስኳሩ ብዙ ይሁን ጥቂት ይለያል፣ እንደዚያው ስኳር ማስገቢያውን ይቀያይራል፣ የሚጠቀምበት ናይትሮጅን ሲያልቅበት ስኳሩ እያለ መፍላቱ ይጎተታል።» «ይቀዘቅዛል» ልልህ ነበር፣ ግን ፋብሪካ ውስጥ ያ ስለ ሙቀት ነው የሚመስለው፣ አንዱ ተነስቶ ማሞቂያ ይከፍታል።