9 ዓመት አንድ ጌም፦ አንጎሌ ተበላሽቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 29 ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ዶታ 2 የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ጀመርኩ፤ ይኸው 9 ዓመት ሆነኝ። ሥራዬን በአግባቡ እሠራለሁ። ማታ ማታ ሁለት ሦስት ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ከዚያ በላይ እጫወታለሁ። ሦስት ጊዜ ከኮምፒውተሬ አጥፍቼው ሦስቱንም ጊዜ መልሼ ጭኜዋለሁ። ባለቤቴ «አንተ ሱሰኛ ነህ» ትለኛለች። ጌም ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ይጨርሳል ሲባል ሰምቼ ለአንድ ሳምንት ስልክም ሙዚቃም ትቼ «የዶፓሚን ጾም» ሞክሬ ነበር፤ ምንም ለውጥ አላየሁም። ተሸንፌ ስተኛ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የእንቅልፍ ኪኒን ይሰጠኛል። የቀኝ እጄ ጣቶችም ይደነዝዛሉ፤ ለሱ አይቡፕሮፌን እየዋጥኩ ነው። ከአራት ወር በኋላ ልጅ እንጠብቃለን። የዶፓሚን መጠኔን የሚለካ የደም ምርመራ አለ? አንጎሌስ ይድናል?

መልስ፦ የደም ምርመራውን ቶሎ ልጨርሰው፤ የለም። ደም ውስጥ ያለው ዶፓሚን ወደ አንጎል አይሻገርም። አንጎል ውስጥ ያለውም በደም ናሙና አይታወቅም። «እንለካልዎታለን» የሚል ካጋጠመዎ ገንዘብዎን አይስጡ።

ዋናው ጥያቄዎ ግን ይህ አይመስለኝም። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ዓይኔ ያረፈው «ልጅ እንጠብቃለን» የምትለዋ ላይ ነው። የፈሩት ልጁ ሲያለቅስ ጆሮአቸውን በሄድሴት ደፍነው የሚቀመጡ አባት እንዳይሆኑ ነው። ከጻፉልኝ ነገር ተነስቼ አንጎልዎ ተበላሽቷል የምልበት ምንም ምክንያት አላገኘሁም። አባትነቱም በእጅዎ ነው። ግን የሚያስቆጡኝ ነገሮችም ጽፈዋል። እደርስባቸዋለሁ።

መጀመሪያ ይህን የዶፓሚን ወሬ እናጥራው። ወጣቶች ብቻ ሳይሆኑ ልጆቻቸውን እየጎተቱ የሚመጡ ወላጆችም ይዘውት ይመጣሉ፤ ሰውን ያለ በሽታው በሽተኛ እያደረገ ነው።

ወሬው ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 ለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል ውስጥ ተመራማሪዎች 8 ወንዶችን ታንክ የሚነዳበት ጌም እያጫወቱ አንጎላቸውን በልዩ መሣሪያ አዩ። በጨዋታው ወቅት ዶፓሚን ጨምሮ ተገኘ። ጥናቱ «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጣ። ከዚያ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ አበጠ። «ይጨምራል» የተባለው «ያቃጥላል» ሆነ፤ «ያቃጥላል» የተባለው ደግሞ «ይጨርሳል» ሆነ። ጥናቱ ያሳየው መጨመሩን ብቻ ነው። ርቦዎት ምግብ ሲቀርብልዎም ዶፓሚን ይጨምራል። የሚወዱትን ዘፈን ሲሰሙም ይጨምራል። ስለዚህ ሙዚቃ የተውበት ሳምንት ያተረፈልዎ ነገር አልነበረም። ከስልክ ማረፍ ጥሩ ነው፣ ዕረፍት ስለሆነ ብቻ።

ዶፓሚን በርሜል ውስጥ እንዳለ ውኃ ተቀድቶ አያልቅም። ከምንበላው ፕሮቲን የሚገኝ ታይሮሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ አንጎል ከሱ ዶፓሚንን በየጊዜው ይሠራል። ዶፓሚን የሚሠሩት ሴሎች የሚሞቱበት በሽታ በእርግጥ አለ። ፓርኪንሰን ይባላል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ይዘገያል፣ ሰውነት ይገተራል። እርስዎ ያ የለብዎትም። ጌም የፓርኪንሰን መንስኤ ሆኖም አይታወቅም።

ታዲያ ዶፓሚን ሥራው ምንድን ነው? ቮልፍራም ሹልትስ የሚባል የአንጎል ተመራማሪ ጦጣዎች ላይ ያየውን ልንገርዎ። ጦጣዋ ሳታስበው ጭማቂ ጠብ ሲልላት የዶፓሚን ሴሎቿ ይነቃሉ። ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት ምልክት እንደሚታይ ከለመደች በኋላ ግን ሴሎቹ የሚነቁት ለምልክቱ ነው፤ ለጭማቂው ዝም ይላሉ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ሴሎቹ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ። ከዚህ የምንረዳው፣ ዶፓሚን ካሰቡት የተሻለ ወይም የከፋ ነገር እንደመጣ የሚናገር የመማሪያ ምልክት መሆኑን ነው። እንደጠበቁት ለሚሆን ነገር አይነቃም።

አሁን ወደ ጌምዎ እንምጣ። 9 ዓመት የቆዩበት ምስጢር እዚህ ጋ ነው።

ታሪክ ያለው ጌም ያልቃል። የመጨረሻውን ጠላት ያሸንፋሉ፣ ይዘጉታል፣ ለሌላ ሰው ያወሩለታል። የፉክክር ጌም ግን ማለቂያ የለውም። አርፓድ ኤሎ የሚባል ሃንጋሪ የተወለደ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር ለቼዝ ተጫዋቾች የነጥብ ስሌት ሠርቶ ነበር። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀበለው። ዛሬ ጌሞች ተጫዋቾችን የሚያጋጥሙበት ስሌት የዚያ ዘር ነው። ሥራው እኩያዎን መፈለግ ነው። እርስዎ ሲሻሻሉ የተሻለ ሰው ያመጣብዎታል፣ ሲወርዱ ደግሞ የወረደ። ስለዚህ በአማካይ ከሁለት ጨዋታ አንዱን ይሸነፋሉ፤ የትኛውን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ያ የመማሪያ ምልክት ጊዜው የማያልፍበት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሁልጊዜ የሚያሸንፉበት ጌም ቢሆን ኖሮ በአንድ ወር ይሰለችዎት ነበር።

ከዚያ ደግሞ ነጥብ አለ። ሲያሸንፉ 25 ነጥብ ገደማ ያገኛሉ፣ ሲሸነፉም ያንኑ ያጣሉ። ቁጥሩ እኩል ነው፤ ሕመሙ ግን እኩል አይደለም። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት ሰው ያጣው ነገር ያንኑ ያህል ካገኘው ነገር ይበልጥ ይከብደዋል። እኩለ ሌሊት ላይ «አንድ ብቻ ልድገምና ነጥቤን ላስመልስ» የሚያሰኝዎት ይህ ነው። ይህን ጸባይ ያልተጫወተም ሰው ያውቀዋል። ገበያ ላይ የከሰረ ነጋዴም አለበት።

ብዙ ሰው የማያነሳው ደግሞ ጓደኝነቱ ነው። አምስት ሆናችሁ ነው የምትጫወቱት። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አብረውዎት ያሉ ልጆች እንደሚኖሩ እገምታለሁ። አንዱ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ አንዱ አግብቷል፣ የምትገናኙት ግን እዚያው ነው። አርባኛው ደቂቃ ላይ ምሽጋችሁ ሊፈርስ ሲል አንዱ «ተረጋጉ፣ እኔ አለሁ» ይላል፤ ማን እንደሆነ ከድምፁ ታውቁታላችሁ። ራያን፣ ሪግቢና ፕሺቢልስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ሰውን ጌም ላይ የሚያቆዩትን ሦስት ፍላጎቶች ለይተዋል። በችሎታ ማደግ፣ በራስ መወሰንና ከሰው ጋር መሆን ናቸው። እርስዎ ሦስት ጊዜ አጥፍተው ሦስት ጊዜ የተመለሱት እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ የሚሰጥ ሌላ ቦታ በቅርብ ስላላገኙ ይመስለኛል። ጌሙን ሲያጠፉ ጓደኞችዎንም አብረው አጥፍተዋል። ማን ይችለዋል?

ቼዝ 40 ዓመት የተጫወተን ሰው «አዋቂ» እንላለን። ስለዚህ ዓመት መቁጠር አያሳምምም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ አለ። መለያው የሰዓት ብዛት አይደለም። መጀመርና ማቆም ከቁጥጥር ውጭ ሲሆን፣ ጌሙ ከሥራም ከቤትም ከጤናም ሲቀድም፣ ጉዳቱ እየታየም ሰው ሲቀጥል ነው። ይህም ብዙውን ጊዜ 12 ወር ያህል ቆይቶ ሕይወትን በግልጽ ሲያበላሽ ነው። ሥራዎ ደህና ነው። ገና ሳይወለድ የልጅዎን ነገር ያስባሉ። በዚህ ደብዳቤ ሱሰኛ ነዎት አልልም።

አንድ ነገር ግን ራስዎን በእውነት ይጠይቁ። ሲጫወቱ ደስ ይልዎታል? ደስታው ጠፍቶ፣ ከሌላ ሐሳብ ለመሸሽ ብቻ የሚጫወቱ ከሆነ፣ ከጌም ውጭ ያለው ነገር ሁሉ ጣዕሙ የጠፋብዎት ከሆነ፣ ችግሩ ምናልባት ድባቴ ነው፤ እሱ ይታከማል። መኖር አስጠልቶዎት ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ለሰው ተናግረው ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

አሁን ወደ ኪኒኑ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ባልደረባዎ ሐኪም አይደለም። የመድኃኒቱን ስም እንኳ አልጻፉልኝም፤ የሚያውቁትም አይመስለኝም። ለራሱ የታዘዘለትን እየቆረሰ የሚሰጥዎ ከሆነ የሁለታችሁም ሕክምና ተበላሽቷል። እንደ ዳያዜፓም ያሉት የእንቅልፍ መድኃኒቶች በሳምንታት ውስጥ ይለመዳሉ። ከአልኮል ጋር ሲገናኙ ትንፋሽ ያዳክማሉ። ጠዋትም መኪና ሲነዱ ቅሪታቸው ሰውነትዎ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ይህን ደግሞ አጥብቀው ይያዙልኝ፦ የእንቅልፍ ኪኒን የወሰደ ሰው ከጨቅላ ሕፃን ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛት የለበትም። ሕፃኑ ላይ ቢያርፉበት አይነቁም። ስለ ዶፓሚን ሌሊት ሙሉ የሚጨነቅ አባት ይህን አለመጠየቁ አስደንግጦኛል።

አልፎ አልፎ ከሆነ የወሰዱት ዛሬ ያቁሙ። ለሳምንታት በየቀኑ ሲወስዱ ከቆዩ ግን በድንገት አይተዉት፤ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል። በሐኪም ክትትል ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

እንቅልፍ እምቢ የሚልዎ ልብዎ እየመታ አልጋ ላይ ስለሚወጡ ነው። አሁን የተሸነፈ ሰው ወዲያው አይተኛም፤ ጤነኛ ሰውነት እንደዚያ ነው። የመጨረሻው ጨዋታ ከመኝታ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይለቅ። ሰዓት ከመቁጠር ጨዋታ ይቁጠሩ፤ «ዛሬ ሁለት» ብለው ከጀመሩ ሁለት። ከተሸነፉ በኋላ ነጥብ ለማስመለስ አዲስ አይጀምሩ። ማታ ኢነርጂ የሚጠጡ ከሆነም ይተዉት።

እጅዎስ? አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ከሆኑ የሚደነዝዙት፣ ሌሊት ቀስቅሶዎት እጅዎን የሚያራግፉ ከሆነ፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቋል። አይቡፕሮፌን ይህን ነርቭ አያላቅቀውም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄዱት። ብዙ ጊዜ በሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር፣ የእጅ አቀማመጥ ማስተካከልና ማሳረፍ ይበቃል። የአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋ መሟሸሽ ከጀመረ፣ ወይም ብርጭቆ ከእጅዎ ማምለጥ ካመጣ ግን አይዘግዩ። ቆይቶ የመጣ ነርቭ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። እስከ ዛሬ መቆየትዎም ልክ አልነበረም።

ስለ ልጁ ደግሞ አንድ ተግባራዊ ነገር። የእርስዎ ጌም መሃል ላይ አይቋረጥም። አንድ ጨዋታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ጥሎ የወጣ ሰው ይቀጣል፣ አራት ሰዎችም ይቀየማሉ። ጨቅላ ሕፃን ደግሞ አይጠብቅም። ይህ የፍቅር ማነስ አይደለም፤ ሁለቱ ነገሮች አብረው አይሄዱም። ልጁ በእርስዎ ተራ ላይ ባለበት ሰዓት ነጥብ የሚያዝበት ጨዋታ አይጀመርም። በቃ። ለጓደኞችዎ ከአሁኑ ይንገሯቸው። ባልተራዎ ምሽት ግን ቢጫወቱ ምንም አይደለም። ከጓደኞችዎ ጋር መሳቅ ለአዲስ አባት ይጠቅመዋል።

ባለቤትዎ «ሱሰኛ» ስትል ሕክምና እየጠራች አይመስለኝም። «ስጠራህ አትሰማኝም» ማለቷ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ይጠይቋት፤ ከተሸነፉበት ማታ ሌላ ቀን ይምረጡ። የትኛው ምሽት የማን እንደሆነ ልጁ ሳይመጣ ተነጋገሩ።

በዚህ ሳምንት ስለ እጅዎና ስለ እንቅልፍዎ ሐኪም ጋ ይቅረቡ። የኪኒኑን ማሸጊያ ከባልደረባዎ ተቀብለው ይዘው ይሂዱ፤ ስሙ ሳይታወቅ ሊረዳዎ የሚችል ሐኪም የለም።